ቁልፍ ያለው የመብራት ሳጥን

ልጄ ሙሉቀን ባለፈው ወር የብሬከር ሳጥን እንምረጥ ብሎ በባጃጅ ከገበያው በላይ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይዞኝ ሄደ። ምርጫዬን ፈልጎ እንዳይመስላችሁ። ቦታው በእኔ ስም ነው፤ እኔ ሳልስማማ እዚያ ግቢ ውስጥ ምስማር እንደማይመታ ያውቃል። ከፊት ለእሱና ለሚስቱ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ለኪራይ አራት ክፍል እየሠራ ነበር። ግድግዳው አልቋል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፣ የቀረው መብራቱ ነው። ባለሱቋ ቀልጣፋ ወጣት ናት፤ ሳጥኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልን። የፕላስቲክ አለ፣ የብረት አለ፤ ትንሹ ጥቂት ብሬከር ይይዛል፣ ትልቁ ብዙ። እሷ ግን ደጋግማ የምታነሣው ከሌሎቹ ወፈር ያለ አንድ ብሬከር ነበር። "እማማ፣ ሌሎቹ ሽቦው ሲጨናነቅ ነው የሚወርዱት። ይሄኛው ኤሌክትሪኩ ከመንገዱ ወጥቶ ሰው ላይ ሲፈስ ራሱ ይቆርጣል። ቆርቆሮ ለበዛበት ቤት ጥሩ ነው" አለችኝ። ሙሉቀን "እሱ ይቆይ፣ ዋጋው ጣራ ነክቷል" አለና አንድ ግራጫ የብረት ሳጥን አነሣ። በሩ ላይ እንደ ቁም ሳጥን ቁልፍ አለው። ቁልፉን አዞረ፣ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደስ አለው።

"ይኼ ነው" አለ። "መኝታ ቤቴ ውስጥ ይሰቀላል። ለአራቱ ክፍል አንድ ብሬከር ይበቃቸዋል።"

"ለምን አንድ?" አልኩት።

"ተከራይ ናቸዋ፣ እማዬ! ስቶቭ ይሰካሉ፣ ካውያ ይሰካሉ። ሲያበዙት ከውስጥ ጠቅ አደርግባቸዋለሁ፤ ጨለማ ውስጥ ሲቀመጡ ይማራሉ።"

ባለሱቋ ሳቀች። እኔ ግን አዲስ ቀለም የሚሸተውን ያንን ሳጥን ከፊቴ ገፋሁት። ይማራሉ! ይኼን ቃል አውቀዋለሁ። እሱን ጡት ሳስጥል የሰማሁት ቃል ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠላሁት አነጋገር አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ ካበቃሁት ልጅ አፍ ሲወጣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። "ልጄ፣ ዕቃሽን አንሺ፤ ዛሬ አንገዛም" አልኳትና ወጥቼ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ ዓይኔ አስፋልቱንና ፎቁን ያያል፤ ልቤ ግን አስፋልት ወዳልነበረባት ወደ ድሮዋ አሶሳ ሄዶ ነበር።

ያኔ አሶሳ ዋና ከተማ ከሆነች ገና ብዙ አልቆየም። ክልል የሚባለው ነገር ለሁላችንም አዲስ ነበር። ከካማሺ፣ ከመተከል፣ ከባምባሲ፣ ከወለጋ ሰው ይጎርፋል፤ ወንበር የሌለው ቢሮ ይከፈታል፤ ትናንት በሸራ ጫማ ያየነው ሰው ዛሬ ኮት ለብሶ ይመጣል። የኮቱ መለያ ጨርቅ እጅጌው ላይ እንደተሰፋ ነው፤ ማንም አይፈታውም፤ አዲስ መሆኑ መታወቅ አለበት። ሙቀቱ ያንን ሁሉ ኮት ለባሽ በላብ ያጠምቀዋል፣ እነሱ ግን አያወልቁም። በየሻይ ቤቱ ቴፕ አለ። ከአንዱ በር የወሎ ዘፈን፣ ከሚቀጥለው የሱዳን፣ ከማዶ የኦሮምኛ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻሉ፤ ካሴቱ ሲጎተት አስተናጋጁ በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል። ሻይ በስሙኒ ነበር፣ ቅርንፉድ የገባበት። ከሱዳን ጠረፍ፣ ከኩርሙክ በኩል የመጣ ሽቶና ሳሙና መሬት ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ይሸጣል። የበርታ ሴቶች ቶብ የሚሉትን የሚጠቀለል ረጅም ልብሳቸውን አጥበው አጥር ላይ ሲያሰጡት ብርቱካንማው፣ አረንጓዴው፣ ሐምራዊው መንደሩን የሠርግ ቤት ያስመስለዋል። የማንጎ ወቅት ሲሆን የሚገዛው ጠፍቶ ለአላፊ አግዳሚ ይታደል ነበር። ዛሬ አንዱን ማንጎ ለመግዛት አገላብጣችሁ ስታዩ ሻጯ ትቆጣለች።

እኔ በደርግ ጊዜ በሠፈራ ከወሎ ከመጡት ነኝ። ባሌን ሠፈራው መንደር ውስጥ ወባ በላብኝ። ሙሉቀንን አዝዬ ወደ ከተማ ገባሁና ለምግብ ቤቶች በርበሬ እየወቀጥኩ መኖር ጀመርኩ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብና መጻፍ ካወቅሁ ወዲህ ግን ማንም አታሎኝ አያውቅም። የተከራየሁት አቶ ይመር የሚባል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። አቶ ይመር የአገሬ ሰው ነው፤ በአንድ አውቶቡስ ነው የመጣነው፣ አንድ ዓይነት የተስፋ ዳቦ ነው የበላነው። እሱ ቀናው፣ ነገደ፣ ቤት ሠራ። አልቀናሁበትም። ከቤቱ ጀርባ ከቀርከሃና ከጭቃ የተሠሩ ሦስት ክፍሎች በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ሥር ነበሩት። መጀመሪያው የእኔ ነው። መካከለኛው የሐዋ ነው፤ ሐዋ በርታ ናት፣ አዲሶቹ ቢሮዎች ደጃፍ ሻይ ትሸጣለች። ባሏ ሱዳን እንደወጣ ቀርቷል። መጨረሻው ገመቹ የሚባል የወለጋ ልጅ ነው፣ በአንዱ ቢሮ ጸሐፊ፤ ፕሮቴስታንት ስለሆነ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጠዋት ጠዋት እየዘመረ ይላጫል። ሐዋ አማርኛዋ ወንዱንና ሴቱን አይለይም፤ እኔን "ኡኽቲ፣ መጣህ?" ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ ገመቹን ደግሞ "አንቺ ዛሬ ቆንጆ ነሽ" ትለዋለች፤ እሱ እየሳቀ "እግዜር ይስጥሽ እህቴ" ይላታል። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

መብራት ያኔ ከሩቅ በትልቅ ምሰሶ የሚመጣ አልነበረም። የከተማው ሞተር ነበር። ሲመሽ ይነሣል፣ ሲመቸው ያመሻል፣ ናፍጣ ሲያልቅ ይተኛል። ሞተሩ ሲነሣ ከተማው በሙሉ በአንድ አፍ "ሄይ!" ይላል፤ ኮት ለባሹም፣ ባለሻዩም፣ ሕፃኑም። እኛ ለእያንዳንዳችን አንድ አምፖል ተሰጥቶናል። ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ፊውዙ አቶ ይመር መኝታ ቤት፣ ከአልጋው ራስጌ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማው አከራይ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ፊውዝ እንደ ጠመንጃና እንደ ቤት ካርታ ከራስጌ ይቀመጣል፤ በረንዳ ላይ የሰቀለ ሰው ቤቱን ክፍት ጥሎ እንደሚሄድ ሞኝ ይታያል። አቶ ይመር ሲተኛ እኛም እንተኛለን። ሚስቱ ከአንዳችን ጋር ከተቀያየመች ሦስታችንም ጨለማ ውስጥ እንቀመጣለን። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ "ፊውዙን ነቀል ነው የማደርግባቸው፣ ይማራሉ" ሲል ሰው ይስቅ ነበር። እኛ ኪራይ የምንከፍል፣ የሰው ግፍ ያልበላን ሰዎች፣ የምንማረው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ክረምቱ ሲገባ ፊውዙ ይበጠስ ጀመር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይበጠሳል። አቶ ይመር "በድብቅ ምድጃ የሰካ አለ" ብሎ ተነሣ። ክፍላችንን ፈተሸ። ጆንያዬን ገለበጠ፣ የሐዋን የአልጋ ሥር በዱላ ቆሰቆሰ፣ የገመቹን መጽሐፍ ቅዱስ ሳይቀር አንሥቶ ከሥሩ አየ። ምንም የለም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቆርቆሮው ሲነኩት ይነዝር ጀምሯል። ሐዋ "ኡኽቲ፣ ይሄ ቆርቆሮ ጂን አለበት፣ ወላሂ ጣቴን ነከሰች" አለችኝ። እኔም ነክቼ አየሁት፤ እውነቷን ነው። ገመቹ በትሕትና ሄዶ "አቶ ይመር፣ ሽቦው ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ተልጦ እንዳይሆን፣ ሰው ይየው" አለው።

"አንተ ጸሐፊ ነህ ወይስ መሐንዲስ?" አለው አቶ ይመር። እኔም ከኋላ "ይነዝራል አቶ ይመር፣ ሰው ይጎዳል" ስለው፣ "ቆርቆሮው የእኔ ነው፤ አትንኩት" ብሎ በሩን ዘጋ።

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ፊውዙ ውስጥ የምትገባውን ቀጭን ሽቦ አወጣና የጫማ ማሠሪያ የሚያህል ወፍራም ሽቦ አጥፎ አሠረበት። ይኼን ያደረገው ብቻውን አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ያደርገው ነበር። ሞተሩ ደካማ ስለነበር አምፖሉ እንደ ፍም ቀይ ሆኖ ነው የሚያመሸው፤ ሰው ደግሞ መብራቱን አንቃ የያዘችው ያቺ ክር የምታህል የፊውዝ ሽቦ ናት ብሎ ያምናል። ወፍራም ሽቦ ብዙ መብራት ያሳልፋል ይባላል። የዚያን ዕለት ሞተሩ በአጋጣሚ በርትቶ ስለነበር አምፖሉ ደመቀ። አቶ ይመር በረንዳው ላይ ቆሞ "አያችሁ? እናንተ የሰረቃችሁትን መለስኩት" አለን። ፊውዙም ከዚያ ወዲህ አልተበጠሰም። ቆርቆሮው ግን መንዘሩን ቀጠለ፤ ተበጥሳ የምታቋርጠው ቀጭን ሽቦ ስለሌለች እንዲያውም ባሰበት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ካፊያ እየጣለ ነው። አቶ ይመር አዲሱ አዳራሽ ስብሰባ ሄዷል፤ ሚስቱም ለቅሶ ወጥታለች፤ ቤታቸው በትልቅ ጓጉንቸር ተቆልፏል። እኔ ሙሉቀንን አስተኝቼ በርበሬ እወቅጣለሁ። ሐዋ ቶቧን ከማስጫው ላይ ልታነሣ ወጣች። ማስጫው ገመድ አልነበረም፤ አንድ ጫፉ ቆርቆሮው ላይ በምስማር፣ ሌላው ግቢው ውስጥ ያለ የማንጎ ዛፍ ላይ የታሰረ ሽቦ ነው፤ አቶ ይመር ራሱ ነው የወጠረልን። ሐዋ ሽቦውን ይዛ ቶቧን ስትስብ ሞተሩ ተነሣ። ከተማው እንደ ልማዱ "ሄይ!" አለ። በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል እኔ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ጥርሱን የነከሰ ሰው ሲያቃስት።

ወጥቼ ሳይ እጇ ሽቦው ላይ ተጣብቋል። እግሯ ጭቃ ውስጥ ነው። ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል፣ ዓይኗ ግን እኔን ያያል። ልይዛት ስንደረደር ገመቹ ከኋላዬ ቀሚሴን ጨምድዶ "አትንኪያት! አንቺንም ይይዝሻል! ፊውዙን!" ብሎ ወደ አቶ ይመር በር ሮጠ። በሩን በትከሻው መታው፤ አልተነቃነቀም። ወደ መስኮቱ ዞረ። በመስኮቱ ብረት በኩል ፊውዙ ይታያል፤ ነጭ የሸክላ ነገር፣ ከአልጋው በላይ። እጅ አይደርስበትም። ይኼንን እስክሞት አልረሳውም፤ ሰው እየሞተ ነው፣ የሚያድነው ነገር በዓይን ይታያል፣ ቁልፉ ግን ስብሰባ ላይ በተቀመጠ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ተመልሼ ዘነዘናዬን አነሣሁ። ደረቅ እንጨት ነው፤ ጫማዬም ላስቲክ ነው፤ ይኼን ሁሉ ያኔ አስቤው አይደለም፣ እጄ ያገኘው እሱን ስለነበር ነው። ሽቦው ቆርቆሮው ላይ የተመታበትን ጫፍ መታሁት። ደግሜ መታሁት። ምስማሩ ተነቅሎ ሽቦው ጭቃው ላይ ሲወድቅ ሐዋም አብራው ወደቀች። ገመቹ ተሸክሟት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ፤ እኔ ሙሉቀንን አዝዬ ተከተልኳቸው። ተርፋለች፣ እግዜር ይመስገን። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ከፍ አድርጋ ሻይ ስትቀዳ ደንበኛ ሁሉ የሚያደንቃት ሴት፣ ከዚያ በኋላ በግራ እጇ እየተንቀጠቀጠች ትቀዳ ነበር።

አቶ ይመር ሲመለስ ጎረቤቱ ግቢው ውስጥ ሞልቷል። የመጀመሪያ ቃሉ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? "ማስጫዬን ማን በጠሰው?" ነበር።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ "ዝናብና መብረቅ ነው፣ የአምላክ ሥራ ነው" አሉ። አቶ ይመር በግ አርዶ እንዲያበላንና እንድንታረቅ ተወሰነ። እኔ ተነሥቼ "በግ አልፈልግም። ካሳም አልጠይቅም። ፊውዙ ከመኝታ ቤት ይውጣና በረንዳ ላይ ይሰቀል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ማንም ይድረስበት" አልኩ።

"አንቺ ሴት፣ ከሰው መኝታ ቤት ምን አለሽ?" አለኝ አንዱ።

"እኔማ ምንም የለኝም፤ የእኛ ነፍስ ናት እዚያ ያለችው!" አልኩት። ሳቁብኝ። አቶ ይመርም ሳቀ። በጉ ታረደ። እኔ አልቀመስኩም። ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ሐዋ ራሷ ናት፤ በታሰረ እጇ ሳህን ይዛ "ተይ ኡኽቲ፣ አላህ ጽፎት ነው" አለችኝ። "አላህ ፊውዙን ራስጌህ ስቀል ብሎ አልጻፈለትም" አልኳት። ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያን ቀን ነው። ወሩ ሳያልቅ ሦስታችንም ከዚያ ግቢ ወጣን። ሐዋ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ልጅ ዳረች፤ በእርጅና ነው የሞተችው። ለዚህ ግን ለአቶ ይመር ምስጋና አልሰጠውም።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ለሙሉቀን ነገርኩት፣ ከሱቁ በተመለስን ማታ። ያኔ ጀርባዬ ላይ ነበረና አያስታውስም። ሰማኝና "ያሳዝናል እማዬ። ግን ያ የድሮ ነው። አሁን ብሬከር አለ፣ ሲጨናነቅ ራሱ ይወርዳል" አለኝ።

"ከወረደ በኋላ ማን ያነሣዋል?"

"እኔ ነኛ።"

"አንተ ዕቃ ጭነህ ማንኩሽ ስትሄድስ? ስንት ቀን ነው የምትቆየው?"

"ሚስቴ አለች።"

"እሷ ሥራ ስትውልስ? ቁልፉን ለማን ትሰጣላችሁ?"

እንደ አባቱ ግንባሩን ቋጠረና "ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ! ተከራይ እንደፈለገ የሚያዝዝበት ሳጥን የሰቀለ ሰው አሳዪኝ" አለ። የሚገርመኝ ነገር ይኼ ነው። ያ ትልቅ ግድብ ያለው እዚሁ ክልላችን ውስጥ፣ ጉባ ነው። ሰው ሁሉ ይኮራበታል፣ እኔም እኮራለሁ፤ ሙሉቀን ራሱ እንጀራው ከዚያ መንገድ ነው፤ ግድቡ አካባቢ እስካለችው ማንኩሽ ዕቃ ያመላልሳል። ግን ያ ሁሉ ወንዝ ተገድቦ፣ ያ ሁሉ ምሰሶ ተተክሎ የመጣው መብራት መጨረሻው ልጄ አልጋ ራስጌ ከሆነ፣ የአቶ ይመር ሞተር ዘመን መቼ አለፈ? ምሰሶው ተለወጠ እንጂ ሰውየው አልተለወጠም።

ክርክር ሰለቸኝ። በማግስቱ ፍራሼን፣ ብርድ ልብሴንና አንድ ወንበር ይዤ ከአራቱ የኪራይ ክፍሎች በመጨረሻው ገባሁ። ቀለሙ እንኳ አልደረቀም ነበር። ሙሉቀን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ተከራየሁ። ኪራዩን ንገረኝ፣ እከፍላለሁ።"

"በራስሽ ግቢ?"

"አዎ። አሁን ሳጥንህን የፈለግህበት ስቀል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ቢይዘኝ፣ አንተ ቁልፉን ይዘህ ማንኩሽ ነህ።"

ተናዶ ሄደ። ምራቴ መጣች፣ ለመነችኝ፤ ምግቧን በላሁ፣ ልመናዋን አልተቀበልኩም። ጎረቤት ማማት ጀመረ። በመጨረሻ ሙሉቀን አንድ አመሻሽ መጥቶ ደፉ ላይ ተቀመጠና "እማዬ፣ ሰው እናቱን ተከራይ አደረጋት እያለኝ ነው። አዋረድሽኝ" አለኝ። "ክፍሎቹ ለሰው የሚሆኑ ከሆነ ለእኔም ይሆናሉ" አልኩት። "ለእናትህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ የሰው እናት ለምን ታስገባበታለህ?" በማግስቱ ሱቁ አብረን ተመለስን።

የገዛነው ፊት ለፊቱ የሚያሳይ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፣ ቁልፍ የለውም። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ብሬከር አለው፤ አንዱ ክፍል ሲያበዛ ሌሎቹ አብረው አይቀጡም። ያንን ሰው ላይ ሲፈስ የሚቆርጠውን ወፍራሙንም አስገዛሁት፤ እዚያ ላይ ክርክር አልተቀበልኩም። የተሰቀለው በክፍሎቹ በረንዳ ላይ ነው። ከፍታውን የለካሁት እኔ ነኝ፤ እጄን ዘርግቼ "እዚህ" አልኩ፤ ሕፃን አይደርስበትም፣ አጭር ሴት ግን ያለ ወንበር ትደርስበታለች። ሙሉቀን ይኼን ሁሉ ያደረገው ደስ ብሎት እንዳይመስላችሁ። ሠራተኛው ግድግዳውን ሲበሳ ጥርሱን እያፋጨ ነበር የሚያየው። እኔም ከመጨረሻው ክፍል አልወጣሁም። ልጄን አምነዋለሁ፤ ባለቤትነቱን ግን አላምነውም።

ሦስቱ ክፍሎች ወዲያው ተከራዩ። ሁለተኛው ውስጥ የገባችው ከባምባሲ የመጣች ጀማሪ መምህርት ናት። ባለፈው ሳምንት ራት ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የእሷ ክፍል ብቻ ድርግም አለ፤ ስቶቭና ካውያ አብራ ሰክታ ነው። የሌሎቻችን መብራት እንደበራ ነው። ወጣች። ወደ ሙሉቀን ቤት በር ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄደች በኋላ ቆመች፤ ቀድሞ በተከራየችበት እንደለመደችው ልታንኳኳ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር። እኔ ምንም ሳልላት ሳጥኑን አየችው። ተመልሳ ገባች፣ ካውያዋን ነቀለች፣ ወጥታ ክዳኑን ከፈተችና የራሷን ብሬከር ወደ ላይ ገፋችው። ክፍሏ በራ። ሙሉቀን የክዳኑን ድምፅ ሰምቶ በመስኮት "ማነው ሳጥኑ ጋ? ምን እየሠራሽ ነው?" ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ደነገጠች፤ እጇን ከሳጥኑ ላይ አነሣች።

"መብራቷን እያበራች ነው!" አልኩት። "አርፈህ ራትህን ብላ።"